ሦስት ጊታሮች እንዴት ቦታ ተለቃቀቁ፦ የአንድ ለስላሳ የመሣሪያ አልበም የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በአገራችን ያለ ዘፋኝ የሚቀረጽ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መንገድ ይሠራል። የታወቀ ዘፈን ይመረጥና የድምፃዊው ዜማ ለሳክስፎን፣ ለኪቦርድ ወይም ለክራር ይሰጣል፤ ከበሮውና ባሱ እንደነበሩ ይቀጥላሉ። ሕዝቡም «ክላሲካል» ይለዋል። እዚህ የምመዘግበው ከዚህ መንገድ የወጣ ሥራ ነው። ሦስት ጊታሪስቶች ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ከበሮና ያለ ባስ ጊታር፣ ሌሊት ዝቅ ተደርጎ የሚደመጥ አልበም ለመሥራት ተነሡ። የመጀመሪያው ቀረጻቸው ከሸፈ፤ ሁለተኛው ተሳካ። በሁለቱ መካከል ጊታሮቹም፣ ማይኮቹም፣ የተቀረጹበት ቤትም አልተለወጡም። የተለወጠው የአጨዋወት ሥርዓታቸው ነው፤ ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

እኔ ወደ ሥራው የገባሁት በሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ በማቀላቀል በኩል ነው። የከሸፈውን ቀረጻ ፋይሎች ተቀብዬ ሰማሁ፤ ከዚያ እስከ ማስተሪንግ (አልበሙ ከመውጣቱ በፊት እስከሚደረገው የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ድረስ አብሬያቸው ቆየሁ። እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለተስማማን አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዳራ

ሦስቱም አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴልና በሠርግ ባንዶች ለዓመታት የሠሩ ናቸው። አንደኛው የናይለን ክር ጊታር በጣቱ ይጫወታል። ሁለተኛው የብረት ክር አኩስቲክ አለው። ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ጊታር ከዲሌይና ከሪቨርብ ፔዳል ጋር ይዟል፤ ዲሌይ የተመታውን ድምፅ እየመለሰ ያሰማል፣ ሪቨርብ ደግሞ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንደተመታ ጅራት ያበጅለታል። ሐሳቡ የተወለደው በሆቴል ሥራ ላይ ነው። እራት በልተው ሰዎች ሲወጡና አዳራሹ ሲሳሳ፣ ዘፋኙ ከሄደ በኋላ ሦስቱ ብቻ ቀርተው ቀስ እያሉ የሚጫወቱት ነገር ነበር። አስተናጋጆቹ «ያቺን የመጨረሻዋን የት እናገኛት?» እያሉ ይጠይቋቸው ጀመር።

ሲጀምሩ በጆሯቸው የነበሩት ሁለት አርአያዎች ናቸው። አንዱ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ እስካረፉ ድረስ ሙዚቃቸው የሚታወቀው በብቸኛ ፒያኖ ነው። ሌላው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ስሙን ያስተዋወቀው አምቢየንት የሚባለው አሠራር ነው፤ ክፍሉን የሚሞላ፣ ትኩረት ቢሰጡትም ባይሰጡትም አብሮ የሚቆይ ሙዚቃ። ሁለቱም አርአያዎች መልካም ናቸው። ሆኖም ሁለቱም ስለ ሦስት ጊታር የሚያስተምሩት ጥቂት ነው። አንድ ሰው ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ እጆቹ አይጋፉም፤ አንድ አእምሮ ያዛቸዋልና። ሦስት ሰው ሲሆን ነገሩ ይለያል።

የባንድ ሥራ ያስተማራቸው ችሎታ እዚህ ዕዳ ሆነባቸው። በባንድ ውስጥ ጎበዝ አጃቢ የሚባለው ዘፋኙ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ክፍተቱን የሚሞላው ነው። ሦስቱም በዚህ የተመሰገኑ ነበሩ። ዘፋኙ ሲወጣ ክፍተት የሚሞሉ ሦስት ሰዎች ቀሩ፤ የሚሞላው ክፍተት ግን የለም።

የመጀመሪያው ቀረጻ

የላኩልኝ ስምንት ቁራጭ ነበር። ስሰማው ድምፁ የደፈረሰ ነው። ሙዚቀኞቹ ጥፋቱን የሰጡት ለማይኩ ሲሆን፣ የተሻለ ማይክ ተከራይተው እንደገና ለመቅረጽ አስበው ነበር። ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት አንድ ቀላል ሙከራ እንድናደርግ ጠየቅኳቸው። ሪቨርቡን በሙሉ አጠፋን። ከዚያ ጊታሮቹን አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት እያደረግን ሰማን። እያንዳንዱ ብቻውን ሲሆን ያምራል። ሁለት ሁለት ሲሆኑ ደህና ነው። ሦስተኛው በተጨመረ ቁጥር፣ የትኛውም ይሁን፣ ድምፁ ይደፈርሳል። ስለዚህ ጥፋቱ የማይኩ አልነበረም።

ምክንያቱ በጊታር አንገት ላይ ይታያል። ሦስቱም ሙሉ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ድምፆች) የሚይዙት ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለ የብረት መከፋፈያ) ባለው ቦታ ነው። የጊታር ወፍራሙ ሚ ክር 82 ኸርዝ (በሰከንድ 82 ርግብግቢት) ገደማ፣ ቀጭኑ ሚ ክር ደግሞ 330 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል። ሦስት ሰው እዚያው ላይ ሲቀመጥ ከ200 እስከ 500 ኸርዝ ያለው አካባቢ ይጨናነቃል። በዚያ ላይ ረጅም ሪቨርብ ሲጨመር የቀደመው ኮርድ ጅራት በሚቀጥለው ላይ ይተኛል። ሙዚቀኞቹ ለስላሳነት ከሪቨርብ የሚመጣ መስሏቸው ስለነበር፣ ድምፁ በደፈረሰ ቁጥር ሪቨርብ ይጨምሩ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። ዝግ ብለው የሚጀምሩት ቁራጭ እየሮጠ ይሄዳል። ከበሮ ስለሌለ እያንዳንዱ ሌላውን ለመያዝ ጥቂት ይቸኩላል፤ መሀል ላይ ሲደርስ የሠርግ ሙቀት ይገባበታል።

ቅኝቱና ኮርዱ

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ እቆያለሁ። በቅኝት የሚጫወት ማንኛውም ጊታሪስት የሚገጥመው ነገር ነው።

ከዶ ብንነሣ፣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ፍላት ማለት በአንድ ፍሬት ዝቅ ያለ ነው። ሦስቱ ጊታሪስቶች በትዝታ ሜጀር ላይ እምብዛም አልተቸገሩም፤ ከአምስቱ ድምፆች ዶ-ሚ-ሶል የሚል ሙሉ የመነሻ ኮርድ ይወጣልና ቤቱ፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበት መነሻ ድምፅ፣ አይጠፋም። አምባሰል ላይ ሲደርሱ ግን ዜማው አምባሰል መሆኑ እየቀረ ይሄዳል። ሦስቱም ተገረሙ፤ አንድም ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ አልነኩማ!

የአምባሰልን አምስት ድምፆች ይዘን ሙሉ ኮርድ እንፈልግ ብንል የምናገኘው ሁለት ነው፤ ሬ ፍላት-ፋ-ላ ፍላት የሚለው ሜጀር እና ፋ-ላ ፍላት-ዶ የሚለው ማይነር። በዶ ላይ የሚቆም ኮርድ የለም፤ ዶ ሦስተኛ ድምፅ፣ ሚ ወይም ሚ ፍላት፣ የለውምና። አጃቢ እጅ ኮርድ ስለለመደ ወደ ሁለቱ ይሄዳል። ሁለቱ ኮርዶች ሲደጋገሙ የሰሚው ጆሮ ቤቱ ፋ ነው ወይም ሬ ፍላት ነው ብሎ ይደመድማል። ከዚያ በኋላ ዜማው ዶ ላይ ቢያርፍም ያረፈ አይመስልም። ድምፆቹ ሁሉ የቅኝቱ ሆነው ሳለ ቅኝቱ ይፈርሳል።

አንቺሆዬ ከዚህም ይብሳል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ከሚሉት ድምፆች የሚወጡት ሁለት ሙሉ ኮርዶች ፋ ሜጀርና ሶል ፍላት ማይነር ናቸው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ፈጽሞ የማይዛመዱ። እነዚህን እያፈራረቀ የሚያጅብ ሰው አስፈሪ የፊልም ሙዚቃ የሚመስል ነገር ያወጣል። በዚያ ላይ ጊታር በፍሬት የታሰረ መሣሪያ ነው። ማሲንቆ ወይም ክራር በጆሮ እንደሚቃኘው ድምፁን ከፍሬቱ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መያዝ አይችልም።

መፍትሔው ኮርድን መተው ሆነ። ከሥር የሚቆመው መነሻው ድምፅና አምስተኛው ብቻ እንዲሆኑ ወሰኑ፤ በምሳሌያችን ዶና ሶል። ሁለቱ ሳይንቀሳቀሱ ቁራጩን ሙሉ ይቆያሉ፤ ዜማው በላያቸው ይሄዳል። አንቺሆዬ ላይ ሶል ስለሌለ መነሻው ብቻውን ቆመ። የጥንት ደርዳሪዎቻችን ያለ ኮርድ ትምህርት ያገኙት መንገድ ይኸው ነው፤ በገና ላይ ዜማው ሁልጊዜ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ምክንያት ቤቱ ስለማይነቃነቅ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የዲሌይ ነገር ነው። ዲሌይ የተመታውን ድምፅ መልሶ መላልሶ ስለሚያሰማ፣ የቀደመው ድምፅ በሚቀጥለው ላይ ይደረባል። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነር ውስጥ ግማሽ ቶን የሚባል ጉርብትና፣ ማለትም በአንድ ፍሬት ብቻ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች፣ የለም። ስለዚህ የትኛውም ድምፅ በየትኛውም ላይ ቢደረብ አይጋጭም፤ ዲሌዩን እስከፈለጉ ማስረዘም ይቻላል። አምባሰል ውስጥ ግን ዶና ሬ ፍላት፣ ሶልና ላ ፍላት ይጎራበታሉ። ትዝታ ማይነርም ባቲ ሜጀርም አንቺሆዬም እንዲሁ ሁለት ሁለት ጉርብትና አላቸው። ረጅም ዲሌይ እነዚህን ጎረቤቶች አንድ ላይ ያስጮሃቸዋል። ሦስተኛው ጊታሪስት በሁሉም ቁራጭ ላይ አንድ ዓይነት ዲሌይ ይጠቀም ነበር፤ ለዚህ ነው አንዱ ቁራጭ ሰላም ሲሰጥ ሌላው የሚረብሸው። በአዲሱ ቀረጻ በትዝታ ሜጀርና በባቲ ማይነር ላይ ዲሌዩን ለቀቀው። በሌሎቹ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመልስ አሳጠረው፤ አንቺሆዬ ላይ ጨርሶ አጠፋው።

በደቂቃ 60 ምት የሚሄድ ቁራጭ ላይ አንድ ምት 1000 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ 750 ላይ የተሞላ ዲሌይ በምቶቹ መካከል ይገባል። ዲሌይ በተጠቀሙባቸው ቁራጮች ላይ በጆሮ ማዳመጫ የሜትሮኖም ክሊክ ያዳምጡ ነበር። ይህ መሮጡንም አቆመው። ነጻ ዜማ ባላቸው ሁለት ቁራጮች ላይ ክሊኩን ትተው እርስ በርስ እየተያዩ ተጫወቱ።

ቦታ መከፋፈል

ሁለተኛው እርምጃ የአንገቱን ቦታ መካፈል ነበር። አንደኛው ወፍራሙን ክር ከሚ ወደ ሬ አወረደና የታችኛውን ያዘ፤ ስለዚህ የአብዛኛው አልበም መነሻ ሬ ሆነ። ሁለተኛው ከመሀል ሆኖ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ያለው አጭር ምልልስ ብቻ ይጫወታል። ሦስተኛው ከዘጠነኛው ፍሬት በላይ ይቆያል፤ ዜማው የእሱ ነው። በየቁራጩ መሀል ዜማው ሰው እንዲቀይር ፈልገው ነበር። ይህን የሚያደርጉት ሌሎቹ ሁለቱ ቦታ ከለቀቁ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ።

ሌሎች ሁለት ደንቦችም ወጡ። ሁለት ሰው አብሮ ሐረግ አይጀምርም፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው የዚያ ሰው ክር እስኪደክም ይጠብቃል። ደግሞም በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው እጁን ከክሩ ላይ አንሥቶ የሚቀመጥበት ክፍል ይኖረዋል።

የመጨረሻው ደንብ ከሁሉም ከበደ። በተለይ ሁለተኛው ተቸገረ፤ ዝም ብሎ መቀመጡ ሳይሠራ እንደሚበላ ሰው እንዲሰማው አድርጎታል። ይህን ስሜት በንቀት አላልፈውም። ለዓመታት የተከፈለው ለመሙላት ነው። የረዳው ነገር ቀረጻውን መልሶ መስማቱ ነበር፤ እሱ ከወጣ በኋላ ሲመለስ የሚሰጠው ደስታ ከመጀመሪያው ቀረጻ ውስጥ በየትኛውም ቦታ ላይ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ራሱ ክፍሎቹን እያስረዘመ ሄደ።

አንድ የተሳሳተ ግምትም እዚህ ተስተካከለ። ለስላሳ አልበም ስለሆነ ሦስቱም ክሩን በስሱ ይነኩት ነበር። በስሱ የተነካ ክር ሲቀረጽ የማይኩን መጠን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ ከፍ ሲል የጥፍር ፍትጊያው፣ የወንበሩ ሲጥታ፣ የትንፋሹ ድምፅ አብሮ ይወጣል። በመካከለኛ ጉልበት እንዲመቱና የድምፆቹን ብዛት እንዲቀንሱ አደረግን። ልስላሴው ከቁጥሩ ማነስ መጣ፤ ድምፁም ሙሉ ሆነ።

የታችኛው ድምፅ፣ ስልኩና በገናው

የወረደው ሬ 73 ኸርዝ ገደማ ነው። በጥሩ ስፒከር ሲሰማ ክፍሉን ይይዘዋል። በስልክ ስፒከር ሲሰማ ግን የለም፤ ትንሽ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። የእኛ ሰሚ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በስልክ ነው። ከሥር የቆመው መነሻ ድምፅ ካልተሰማ ቅኝቱን የጠበቅንበት ብልሃት ሁሉ ይፈርሳል።

መጀመሪያ የታችኛውን ድምፅ በሚክሲንግ ከፍ አደረግሁት፤ በስልክ ምንም አልተለወጠም፤ በትልቅ ስፒከር ግን ከልክ በላይ ሆነ። መፍትሔውን ያመጣው አንደኛው ነው። ልጅ ሳለ በገና ሲደረደር በቅርብ ሰምቷል። በገና አሥር ክር ያለው፣ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚደመጥ መሣሪያ ነው። ድምፁ ጥልቅ ሆኖ የሚያንዘረዝረው በክሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ ነው። ክሩ ቆዳውን እየነካ ሲርገበገብ ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይፈጠራሉ። የሰው ጆሮ ደግሞ እነዚህን የላይኞቹን ከሰማ ዋናው ባይኖርም እንዳለ አድርጎ ይሰማዋል። ለስልክ የሚያስፈልገው ይኸው ነበር።

አንደኛው ስስ ለስላሳ ቆዳ ቆርጦ በወፍራሞቹ ክሮች ሥር፣ ድልድዩ ላይ አስገባ። ቦታውን ማግኘት አድካሚ ነው፤ ትንሽ ሲገባ ክሩን ያፍነዋል፣ ትንሽ ሲወጣ ምንም አያደርግም። ከተገኘ በኋላ ግን በስልክ ስንሰማው ሬው ተሰማ። ሁለተኛው በብረት ክሮቹ ላይ ሲሞክረው ወጥ ያልሆነ መንቀጫቀጭ ብቻ ወጣ፤ በእሱ በኩል ተተወ። የአንደኛውም ቆዳ ጊታሩ በእጅ ሙቀት ሲሞቅ ከቦታው ይንሸራተት ስለነበር፣ በቆዳ የሚጫወታቸው ቁራጮች ሁልጊዜ በቅድሚያ ይቀረጹ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ አነሣ። በገና ለምስጋናና ለጸሎት የሚደረደር ነው፤ ድምፁን ለዓለማዊ አልበም መውሰድ ይገባል ወይ? ረዘም ያለ ውይይት ተደረገ። የበገና ዜማ እንዳይጠቀሙ፣ በአልበሙ መግለጫም ላይ በገና ብለው እንዳይጽፉ ተስማሙ፤ የወሰዱት የእንዚራውን አሠራር ብቻ ነው። እንደ እኔ ትክክለኛ ድንበር አስምረዋል።

መብራት፣ ቆርቆሮና ውሻ

የተቀረጸው በእንጦጦ ግርጌ ባለ የመኖሪያ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ጸጥ ያለ ሙዚቃ የአካባቢውን ድምፅ ሁሉ ያጋልጣል። ከበሮ ባለበት ቀረጻ ማንም የማይሰማው ነገር እዚህ ይሰማል።

የኤሌክትሪክ ጊታሩ እምምም የሚል ድምፅ ነበረው። የመብራታችን 50 ኸርዝና ብዜቶቹ በጊታሩ ነጠላ ጥቅል ፒካፕ (የክሩን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ማግኔት) በኩል ይገባሉ። ሁለት ነገር አቃለለው። ላፕቶፑ ከቻርጀር ተነቅሎ በባትሪ ሲሠራ፣ ሳውንድ ካርዱም ኃይሉን ከላፕቶፑ ሲወስድ፣ ትልቁ ክፍል ጠፋ። ቀሪው ደግሞ ጊታሪስቱ ወንበሩን ቀስ እያለ ሲያዞር የሚቀንስበት አቅጣጫ ተገኘ፤ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግን። መብራት ሲሄድ ሥራው እንዳይቆም የረዳቸውም ይኸው በባትሪ መቅረጽ ነው።

ቀረጻው ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ተደረገ፤ የመኪናው ድምፅ ከቀነሰ በኋላ፣ የማለዳው ድምፅ ማጉያ ሳይጀምር። ውሾቹ ግን ቀሩ። መስኮቱ ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ተሰቅሎ ነበር። ፍራሽ ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ይቀንሳል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አይከለክልም። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያል። የውሻ ድምፅ የገባበት ቀረጻ ተጥሎ እንደገና ተደረገ፤ ሌላ መንገድ አላገኘንም።

ያልሠራው

በክረምት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ለብቻው ቀርጸው ከአንድ ቁራጭ ሥር ለማስገባት ፈለጉ። ሐሳቡ በጣም ያምር ነበር። በትልቅ ስፒከር ሲሰማም ደስ ይላል። በስልክ ግን ሽሽሽ የሚል ብልሽት መሰለ፤ የቀጫጭን ክሮቹንም ጥራት ሸፈነ። የቆርቆሮ ዝናብ በሁሉም የድምፅ ከፍታ ላይ የተበተነ ስለሆነ ጊታር የሚቀመጥበት ባዶ ቦታ አይተውም። ወጣ።

የጊታሩን ድምፅ በቀስት እንደተሳበ የሚያስረዝም በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ለሦስተኛው ተውሰው ሞከሩ። ለትዝታ ጥሩ ነበር፤ ሆኖም የማሲንቆ ምትክ የሚመስል ነገር ስላመጣ ሁለተኛው ተቃወመና ተተወ። እኔ ባይተውት እመርጥ ነበር፤ የአልበሙ ባለቤቶች ግን እነሱ ናቸው።

ሦስቱ ለየብቻ ተቀርጸው በኋላ እንዲገጣጠሙ የተደረገው ሙከራም አልሠራም። የጥራቱ ነገር የተሻለ ነበር። መጠባበቁ ግን ጠፋ፤ የክር መድከምን መጠበቅ የሚቻለው አብሮ በተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ሚክሲንግና ማስተሪንግ

እዚህ የምለው ጥቂት ነው፤ ሥራው በአጨዋወቱ ስላለቀ። አንደኛው መሀል፣ ሌሎቹ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ሪቨርቡ ለሦስቱም አንድ ነው፤ ከሪቨርቡ ላይ የታችኛው ድምፅ ተቆረጠ፤ ስለዚህ ጅራቱ ረዝሞ አይደፈርስም።

ማስተሪንጉ ሁለት ጊዜ ተሠራ። የመጀመሪያውን የሠራው ባለሙያ እንደ ዳንስ ዘፈን አስጮኸው። ስፖቲፋይን የመሰሉ መድረኮች የሚጮኸውን ወደ -14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ገደማ ያወርዱታል፤ ስለዚህ መጮሁ ምንም አያተርፍም፤ ጸጥ ባሉት ቦታዎች ያለውን ሽውታ ከፍ ማድረጉ ግን እንዳለ ይቀራል። ሁለተኛው ማስተር ዝቅ ብሎ፣ ልዩነቱን ጠብቆ ወጣ። ቨርጂኒያ የሚኖር የሦስተኛው ዘመድ መኪና ውስጥ ሲሰማው ዝቅተኞቹ ክፍሎች በመንገዱ ድምፅ ተዋጡበት። በዚህ ምክንያት ከፍታና ዝቅታውን ትንሽ አቀራረብነው።

ቅደም ተከተሉን የወሰነው መነሻው ድምፅ ነው። ሬ ላይ የቆሙት ተከታትለው ተቀመጡ፤ ቅኝቱ ሲለወጥ ከሥር ያለው ድምፅ ስለማይለወጥ ሰሚው አይደነግጥም።

ፈቃድ

ከስምንቱ ቁራጮች አንዱ ሦስቱም «የሕዝብ ዜማ ነው» ያሉት ነበር። ከመውጣቱ በፊት አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ ሰምቶ ደራሲው የሚታወቅ መሆኑን ነገራቸው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ቤተሰቡን ፈልገው አገኙ፤ በጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ፤ የገቢ ድርሻም ተስማሙ። ቤተሰቡ መጠየቁን እንደ አክብሮት ነው የተቀበለው። ሌላ አንድ ቁራጭ ላይ ግን ደራሲውን ማረጋገጥ አልተቻለም፤ በአልበሙ ውስጥ ያልገባው ለዚህ ነው። አልበሙ ሰባት ቁራጭ ይዞ ወጣ።

ውጤቱ

ከመጀመሪያዎቹ አስተያየቶች ውስጥ ተደጋግሞ የመጣው «ዘፋኙ የት ላይ ነው የሚገባው?» የሚለው ነው። ሙዚቀኞቹ አላዘኑም፤ ሰሚው እየጠበቀ እስከ መጨረሻው ሰምቶታልና። ቡና ቤቶች ከፈቱት፤ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች በቴሌግራም ተቀባበሉት። ይህ የመጨረሻው ደስታም ጉዳትም ነው፤ በቴሌግራም የሚዘዋወር ፋይል ገቢ አያስገባም። ገቢው የቀረጻውን ወጪ ገና አልመለሰም። ከአልበሙ ይልቅ ያተረፋቸው ጸጥ ያለ ሙዚቃ ከሚፈልጉ ዝግጅቶች የመጣው ጥሪ ነው፤ ሦስቱ ብቻ፣ ያለ ዘፋኝ።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ድምፅ ሲደፈርስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሪቨርብን ማጥፋትና መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እየጨመሩ መስማት ያስፈልጋል። የት ላይ እንደደፈረሰ ያኔ ይታወቃል፤ ምንም ወጪ የለውም።

በቅኝት የሚሠራ ሰው ኮርድ ከመያዙ በፊት ከአምስቱ ድምፆች የትኞቹ ኮርዶች እንደሚወጡና የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚቆሙ በወረቀት ይጻፍ። መነሻው ድምፅ ላይ የሚቆም ከሌለ ኮርዱ ቅኝቱን ሊሰርቀው ነው። የዲሌይንም ርዝመት በግማሽ ቶን ጉርብትናው መወሰን ይገባል። ይህ ለጊታር ብቻ አይደለም፤ ኪቦርድ የሚጫወት መዘምርም፣ በኮምፒውተር የሚያቀናብር ወጣትም ይኸው ይገጥመዋል።

ዝምታ እንደ ደንብ ካልተጻፈ አይከበርም። «ቀለል አድርገን እንጫወት» የሚለው ንግግር በመጀመሪያው ቀረጻ ላይም ተብሎ ነበር። ማን መቼ እጁን እንደሚያነሣ ሲጻፍ ነው የሠራው።

በየደረጃው በስልክ መስማት ለመጨረሻ የሚተው ነገር አይደለም። የቆዳው ብልሃት ቀረጻ ላይ ካልተደረገ በሚክሲንግ ሊጨመር አይችልም ነበር።

የዜማ ባለቤትነት ጥያቄም ከቀረጻ በፊት ይጠየቅ፤ ለሰሚ ሳይደርስ የቀረው ስምንተኛ ቁራጭ ብዙ ሌሊት ወስዷል። በሦስቱ መካከል ያለው ስምምነትም እንዲሁ ነው። ዜማውን የያዘው ሦስተኛው ስለሆነ ደራሲ ተብሎ የሚመዘገበው እሱ ይሁን የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። እጁን አንሥቶ የተቀመጠውም ሰው ቁራጩን እንደሠራ ስለተስማሙ ሦስቱም እኩል ተመዘገቡ። ስምምነቱ አንድ ገጽ ሲሆን የተፈረመው ሁለተኛው ቀረጻ ሳይጀመር ነው።